ጫጫታው የደበቀው መርዶ

ይህ ጉዳይ ያስከፈለኝን መጀመሪያ ልናገር። ዋጋ ሳይጠይቅ ዕቃ የሚያገላብጥ ሰው ስለማልወድ እናንተንም እንደዚያ ላደርጋችሁ አልፈልግም። አንድ ወዳጅ አጥቻለሁ። «የጌታነህ ዕቃ አይዋሽም» የሚባልልኝን ስም አጥቻለሁ። በማኅበር ቤት ተቀምጦ ከልብ መሳቅም ቀርቶብኛል። በምላሹ ያገኘሁትን እየነገርኳችሁ ስሄድ ታዩታላችሁ፤ ብዙ ግን አትጠብቁ።

አርብ ገበያ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የምሸጠው ሬዲዮ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የእጅ ባትሪና የሶላር መብራት ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን ገበያ አስተማረኝ፤ ገበያ ደግሞ ክፍያውን አስቀድሞ የሚቀበል መምህር ነው።

«በዚህ ዘመን ማን ሬዲዮ ይገዛል?» ትሉ ይሆናል። ወደ እኛ ወደ ጋይንት ብቅ በሉ። የሞባይል ኢንተርኔት ከሄደ ቆይቷል፤ ስልኩም ሲያሻው ይሠራል፣ ሲያሻው ይተኛል። ገበሬው የአገሩንም የዓለሙንም ወሬ የሚሰማው በአጭር ሞገድ ነው። እኔም በዚያ እንጀራ በላሁ።

ከሱቄ ፊት ለፊት አርብ አርብ ሞፈርና ቀንበር ዘርግተው የሚሸጡ አያ ጥጋቡ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ራሳቸው ጠርበው ራሳቸው ይሸጣሉ። ምላሳቸው ከመጥረቢያቸው ይሰላል፤ ገዢ በሌለ ሰዓት እኔን ይጠርቡኝ ነበር። ባለቤታቸው አርፈዋል። ሴት ልጃቸው ዘውዴ እስቴ ተድራለች። አንድ ወንድ ልጃቸው ደምሌ ግን በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሬ ዐረብ አገር እገባለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል።

ከውጭ አገር የሚተላለፍ አንድ ጣቢያ አለ። እሁድ እሁድ ሊመሽ ሲል የስደተኛ መልእክት ያሰማል። መንገድ ላይ የተለያዩ ሰዎች ይፈላለጉበታል። ደኅና የደረሰ ድምፁን ያሰማል። ተጉዞ የተረፈ ደግሞ መንገድ ላይ የቀረውን ጓደኛውን ስም ከነአገሩ ያስነግራል። ባለፈው ሳይሰማ የቀረ እንዲሰማ ብለውም አንዱን ስም ለተከታታይ እሁዶች ይደጋግሙታል። አያ ጥጋቡ ያንን ሰዓት እንደ ቅዳሴ ያከብሩት ነበር። ሬዲዮአቸውን ደጃፋቸው ላይ ያስቀምጡና ማንም እንዲያናግራቸው አይፈቅዱም።

እንዲህ እያለን ናሆም መጣ።

ናሆም ከባሕር ዳር የመጣ ለጋ መሐንዲስ ነው። የላከው ድርጅት ኢንተርኔትን በመብራት ሽቦ ላይ ጭኖ የሚያመጣ ማሽን ሰጥቶታል። ምሰሶው ላይ አንድ ሳጥን ሰቀለ፣ በየቤቱ ሶኬት ላይ ትንሽ ነገር ሰካ፣ ኢንተርኔት ሆነ። ልዋሽ አልፈልግም፣ ጥሩ ነገር ነበር። ተማሪው ተጠቀመ፣ ጤና ጣቢያው ተጠቀመ፣ እኔም ዕቃ ከባሕር ዳር ሳልሄድ አዘዝኩ። ደንበኞቼ በየቀኑ ሬዲዮ እያቀፉ ሱቄን እስኪያጨናንቁት ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የመጡት አያ ጥጋቡ ናቸው።

«ጌታነህ፣ ይህ ሬዲዮህ ንብ ገብቶበታል።»

«ንብ ከገባበትማ ማሩን እንካፈላለን፣ አያ።»

«ማሩን ለብቻህ ብላው። ድምፁን መልስልኝ።»

ከፍቼ አየሁት፤ ምንም የለበትም። ስከፍተው ግን በሁሉም ጣቢያ ላይ ያ ንብ ይጮኻል። በማግሥቱ ሌላው መጣ፣ ቀጥሎ ሌላው። ለማንም ዋስትና ሰጥቼ የማላውቀውን ሰውዬ ከተማው ሁሉ ዋስትና ጠየቀኝ። «ደኅና ዕቃ ነው ብለህ የቻይናን ውዳቂ ሸጥክልን» ያለኝም አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባንኮኒዬ ላይ የተከሰሱት ሬዲዮዎች ተሰልፈው ሲያጓሩ መብራት ጠፋ። በዚያችው ቅጽበት ሁሉም በአንድ አፍ አማርኛ ተናገሩ። ጥርት ብሎ። መብራቱ ሲመለስ ንቡም ተመለሰ። ያኔ ጥፋተኛው እኔ አለመሆኔ ታወቀ፤ ይቅርታ የጠየቀኝ ግን የለም።

ሽማግሌ ተልኮ ወደ ናሆም ሄድን። መሪያችን የሠፈራችን ቄስ መምሬ ይባቤ ነበሩ፤ እሳቸውም ሬዲዮ ወዳጅ ናቸው። ናሆም ወንበር ስቦ፣ ለስላሳ አዝዞ፣ በትሕትና አስረዳን።

«ኢንተርኔቱ የሚሄደው በመብራት ሽቦው ላይ ነው። ሽቦው እንደ አንቴና ይሆንና ትንሽ ወደ ውጭ ያፈሳል።»

«ትንሽ?» አሉ መምሬ። «እንስራም ትንሽ ነው የሚያፈስ። ቤቱ ግን ይጨቀያል።»

ከዚያ ወዲያ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ወጣቱ «ሽማግሌዎች ለሬዲዮ ብለው ኢንተርኔት ሊያስነቅሉ ነው፤ ጫጫታው እኮ ከሬዲዮው ርካሽነት ነው» አለ። እኛም እሱን «ፊትህን ከስልክ አንሣ» አልነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለቱም ወገን ላለመጣላት ሲሸሽ ከረመ። በመጨረሻ ራሱ ናሆም ሐሳብ አቀረበ።

«በመረጣችሁት ቀን ቀበሌው ግቢ እንገናኝ። ማሽኑን ፊታችሁ አጠፋዋለሁ። ሬዲዮው ከጠራ፣ ኢንተርኔቱ የእናንተን ሞገድ እንዲዘልል አድርጌ አስተካክላለሁ፤ ካልተቻለኝ እነቅላለሁ። ካልጠራ ግን ችግሩ ከሬዲዮዎቹ ነውና ተዉኝ።»

እሁድን ከነሰዓቱ የመረጡት አያ ጥጋቡ ናቸው። ምክንያታቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ድሮ ቢሆን ሬዲዮአቸውን ይዘው ከመብራቱ መስመር ራቅ ብለው አፋፍ ላይ ይቀመጡ ነበር። በአሁኑ ጊዜ ግን ጸጥታው ስለደፈረሰ ሲመሽ ከከተማ የሚወጣ የለም።

«ስንት እሁድ አለፈብኝ» አሉኝ። «ልጄ ‹አባቴ፣ ደኅና ነኝ› ብሎኝ ይሆናል። እኔ ንብ እሰማለሁ።»

እስከዚህ ድረስ የነገርኳችሁ መንደርደሪያ ነው። ነገሩ የጀመረው ከዚያ እሁድ በፊት በነበረው አርብ ነው።

አርብ ገበያው ሞልቶ ሳለ አበጀ ሱቄ ገባ። አበጀ የወገዳ ማር ነጋዴ ነው፤ ስማዳን አቋርጦ ወደ እኛ ሲመጣ ሁልጊዜ ድንጋይ ከእኔ ይገዛል። በዋጋ ሳይከራከረኝ ከሱቄ ወጥቶ አያውቅም። ያን ቀን የነገርኩትን ዋጋ ዝም ብሎ ከፈለ። የዚያን ጊዜ ነው ልቤ የደነገጠው።

«ሰውዬው አሉ?» አለኝ ዝቅ ብሎ።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ባለ ሞፈሩ።»

በበሩ አሳየሁት። አያ ጥጋቡ አንዱን ገበሬ «ይህን ሞፈር ከገዛኸው በሬህ ራሱ ያመሰግንሃል» እያሉ ይዘውታል።

አበጀ ጀርባውን ለበሩ ሰጠ። «ባለፈው እሁድ ወገዳ ሆኜ ሰማሁ። እኛ ዘንድ ሬዲዮው ጥሩ ነው። ደምሌ ጥጋቡ፣ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ። ጀልባው ተገልብጦባቸው። አብሮት የነበረ ልጅ ነው ያስነገረው፤ ከባሕሩ ዳር አግኝቶ በእጁ ቀብሮታል።»

«ስም ይመሳሰላል እኮ፣ አበጀ።»

«‹አባቱ ሞፈር ጠራቢ ነው› አለ፣ ጌታነህ።»

 እጄ ድንጋዮቹን በመጠን በመጠን መደርደር ጀመረ፤ የተደረደሩትን አፍርሶ መልሶ ይደረድራል። እንደዚያ ሳለን አያ ጥጋቡ ከማዶ አዩን።

«አበጀ» ብለው ተጣሩ፣ «የወገዳ ማር ዘንድሮ ስኳር ነው ይሉናል። እውነት ነው?»

አበጀ ዞረ። ፊቱ ላይ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ ሳቅ ነበረበት። «ስኳሩንም እኮ በእግሩ ዞሮ ያመጣው ንቡ ነው፣ አያ።»

አያ ጥጋቡ ሳቁ። ገበሬው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንግዲህ መርዶ መያዝ ማለት ይህ ነው። ማንም ሳያስተምረን የሁላችንም ጥርስ ሥራውን ያውቃል።

ማታውን ከሠፈሩ ሽማግሌዎች ጋር መምሬ ይባቤ ቤት ተሰበሰብን። መምሬ ራሳቸውን ይዘው ከሰሙ በኋላ ፈረዱ። «ዘውዴ ሳትመጣ አይነገራቸውም። ያን ባዶ ቤት ይዘው ይህን ቢሰሙ ማን ይደግፋቸዋል? ከእስቴ በደብረ ታቦር ዞራ እሁድ ትገባለች። እኔ ቤት ታድራለች። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበን እንሄዳለን።»

ወጉ ነው፤ ሁሉም ተስማማ። እኔ ብቻ ነኝ ሬዲዮ ነጋዴው።

«እሁድስ፣ መምሬ?»

«እሁድ ምን አለ?»

«ቀበሌው ግቢ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። ናሆም ማሽኑን ያጠፋል። ሬዲዮው ይጠራል። ስሙ ደግሞ ይደገማል። ሬዲዮ እኮ ጎሕ እስኪቀድ አይጠብቅም።»

 አንዱ «የእሁዱን ለሌላ ቀን እናስተላልፈው» አለ። አንዱ «ምን ብለን?» አለ። እንተወው ብንል ከሁሉ በፊት የሚጠረጥሩት አያ ጥጋቡ ናቸው። ያን ያህል ጊዜ አጥፋልን ብለን የለመንነውን ጫጫታ አሁን አንድ ሌሊት ስጠን ብለን ለመለመን መምሬና እኔ ቅዳሜ ማለዳ ናሆምን ከእንቅልፉ ቀሰቀስነው።

ናሆም ዓይኑን እያሸ ሰማን። «ጋሼ ጌታነህ፣ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ልጠይቅ። እስከ ትናንት አጥፋ ነበር። አሁን አታጥፋ ነው?»

«አጥፍቻለሁ በል። አታጥፋ።»

«ዋሽ ማለት ነው?»

መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለአንዲት ማታ አዘግይ ማለት ነው፣ ልጄ።»

ምክንያቱን ስንነግረው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።  ከዚያ ግን «ለምን አሁኑኑ አትነግሯቸውም?» አለ። «ልጃቸው እኮ ነው። የማወቅ መብት አላቸው።»

«መብት አላቸው» አሉ መምሬ። «ዛሬ ሌሊት ብቻቸውን ሲወድቁ መብታቸው ውኃ ያቀብላቸዋል?»

 ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው የመምሬ ክርክር ጉድለት ነበረበት። ዘውዴ ባትመጣም ያን ሌሊት እኛ እዚያው ልናድር እንችል ነበር፤ ያን ሰዓት ግን ለማናችንም አልታየንም። ወጉ በተሠራለት መንገድ ነበር የምንሄደው።

«ይሁን» አለ ናሆም። «ግን በኋላ አታለለን እንዳትሉኝ፣ አንድ ነገር ልናገር። ጫጫታው ካልቆመ ፍርዱ ለእኔ ነው። ማሽኑ ይቆያል። ጥፋቱ የሬዲዮዎቹ ነው ይባላል። የሸጧቸው ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

በንግድ ዕድሜዬ ዕቃዬን ለማርከስ የተዋዋልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ያው ቅዳሜ የሚካኤል ማኅበራችን ነበር። አያ ጥጋቡ ነጭ ኩታ ለብሰው መጡ። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ስለ ንቡ፣ ስለ ናሆም፣ ስለ እኔ ሬዲዮዎች ያልተቀለደ ቀልድ አልቀረም። ጠላው ሲዞር ጽዋቸውን አንሥተው ቆሙ።

«ነገ ሬዲዮው ይጠራል ተብሏል» አሉ። «ደምሌ ድምፁን ካሰማኝ የሚመጣውን ጽዋ የማወጣው እኔ ነኝ። በግ ነው የማርድላችሁ። አሜን በሉ።»

አሜን አልን። ሁላችንም። መምሬ ሳይቀሩ።

ከማኅበሩ ወጥተው ሱቄ መጡ። «ድንጋይ ስጠኝ፣ ከትኩሱ።»

«አልቋል፣ አያ።»

መደርደሪያዬን ቀና ብለው አዩት። «ይህ ምንድን ነው? ሽምብራ ነው?»

«እሱ ታዝዟል። ባለቤት አለው። ይልቅ ሬዲዮውን ተዉልኝ፣ ውስጡን ላጽዳው። ሰኞ እመልሳለሁ።»

«ስንት ዓመት ሙሉ ያልታጠበ ሬዲዮ ሊዳር ሲል ይታጠባል?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን መሐል ላይ ቆመና ትክ ብለው አዩኝ። «ጌታነህ፣ ደኅና ነህ? ፊትህ ልክ አይደለም።»

«ጠላው ነው።»

«ጠላስ አልጠጣህም። አይቼሃለሁ።»

ድንጋዩን ሸጥኩላቸው። ከትኩሱ። ለምን ያረጀውን እንዳልሰጠኋቸው እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። ያረጀ ድንጋይ ለሰው ሸጬ ስለማላውቅ ይመስለኛል፤ እጄ አልታዘዘኝም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ዘውዴ ገባች። ከመኪና ስትወርድ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥለው በጓሮ በኩል ወደ መምሬ ቤት ወሰዷት። ለእሷ መንገድ ላይ ነበር የተነገራት። አፏን በነጠላዋ ይዛ ነው ያለቀሰችው፤ የአባቷ ቤት ቅርብ ነውና ድምፅ እንዳይወጣ።

ሰማዩ ያን ቀን ከብዶ ነበር የዋለው፤ ከምሥራቅ በኩል ያጉረመርማል። ሰዉ ግን ቀበሌው ግቢ ሞላ። ሽማግሌው ሬዲዮውን ይዞ፣ ወጣቱ ስልኩን ይዞ። ወሬው ከመምሬ ቤት ወጥቶ ኖሯል፤ የሰዉን ዓይን ሳየው አብዛኛው ከተማ ማወቁ ገባኝ። አያ ጥጋቡ መሐል ላይ ዱካ ተሰጥቷቸው፣ ሬዲዮአቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ስለ ልማትና ስለ መቻቻል የሆነ ነገር ተናገረ። ከዚያ ናሆም ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ ሁለት ቁልፍ ነካና «አጥፍቻለሁ» አለ። ድምፁ እንደማይዋሽ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ልጁ ውሸት አልተካነም።

አያ ጥጋቡ ከፈቱ። ንቡ ጮኸ።

መርፌውን ወደ ግራ አደረጉ፣ ወደ ቀኝ አደረጉ፣ አንቴናውን አዞሩ። ንብ። ሌሎቹም ከፈቱ። ግቢው ሁሉ ቀፎ ሆነ። ወጣቶቹ ማፏጨት ጀመሩ። «ይኸው፣ ከሬዲዮው ነው» አለ አንዱ።

አያ ጥጋቡ ቀና አሉና በሰዉ መሐል እኔን ፈለጉኝ። «ጌታነህ፣ ምንድን ነው ይህ? አንተ እኮ ነህ ከሽቦው ነው ያልከን።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ቆምኩ። «ተሳስቼ ነው፣ አያ» አልኩ። «ሬዲዮዎቹ ናቸው። ያመጣሁት ዕቃ ጥሩ አልነበረም። ለሁላችሁም እለውጥላችኋለሁ።»

አንዳንዱ ሰደበኝ፣ አንዳንዱ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። የሰደበኝ ያላወቀው ነው። አያ ጥጋቡ አልሰደቡኝም። ሬዲዮውን ከነንቡ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል አንዲት ቃል ለመልቀም ነበር። በልቤ ሰዓቱን እየገፋሁ ነበር፤ ዝግጅቱ ረጅም አይደለም፣ ያልፋል፣ ሰኞ ይነጋል እያልኩ።

መብረቁን አየነው፤ ነጎድጓዱ ከመድረሱ በፊት የቀበሌው አምፖል ድርግም አለ። ከተማው በሙሉ ጨለመ። ንቡም ሞተ።

ያን ሁሉ ሬዲዮ አስቡት። ሁሉም ተከፍቷል፣ ሁሉም አንድ ጣቢያ ላይ ነው፣ ሁሉም ድንጋይ አለው። የሴትዮዋ ድምፅ ከየጉልበቱና ከየብብቱ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ቀስ ያለ፣ የሚያዝን ድምፅ። የአንድ የራያ ልጅ ስም ጠራች። የአንዲት የወሎ ልጅ ስም ጠራች። ዘልዬ ደረስኩና እጄን ወደ መርፌው ሰደድኩ። አያ ጥጋቡ አንጓዬን ያዙኝ። የጠራቢ እጅ ነው፣ አይነቃነቅም።

«ተው» አሉ። «ይሰማል እኮ።»

«ደምሌ ጥጋቡ» አለች ሴትዮዋ። «ደቡብ ጎንደር፣ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ። አባቱ ሞፈር ጠራቢ ናቸው። ጓደኛው እንዲህ ይላል፦ አብረን ነበርን፣ ባሕሩ ወሰደው፣ ዳር ላይ አግኝቼ ቀብሬዋለሁ፣ ቤተሰቡ ይወቁልኝ።» ከዚያም ወደሚቀጥለው ስም አለፈች።

አያ ጥጋቡ አልጮኹም። እጄንም አልለቀቁም። መውረድ የጀመረው ዝናብ ሬዲዮአቸው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ ቀና አሉና ዙሪያውን አዩ። ጨለማ ቢሆንም የሰዉ ጥላ ይታያል። ማንም «ምነው» አላለም። ማንም ወገቡን አልያዘም። ያን የመሰለ ነገር ድንገት የሰማ ሕዝብ ይንጫጫል እንጂ እንዲያ ዝም አይልም። ያሳወቃቸው ዝምታችን ነው።

«ታውቁ ኖሯል» አሉ።

ወደ መምሬ ዞሩ።

«መምሬ፣ ያውቁ ኖሯል?»

«አያ ጥጋቡ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉ መምሬ። 

«ዘውዴስ? መጥታለች?»

«መጥታለች። እኔ ቤት ነች።»

«እንግዲያ ሳላውቅ የቀረሁት እኔ ነኛ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እጄን የለቀቁት ያን ጊዜ ነው። «ትናንት በግ አርዳለሁ ስል አሜን ያልከኝ አውቀህ ነው?»

«አውቄ ነው፣ አያ።»

ሬዲዮውን መሬት ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ሊደግፋቸው የሞከረውን ሁሉ በክንዳቸው ገፉት። ልቅሶው የተነሣው እሳቸው ከግቢው ከወጡ በኋላ ነው፤ ሰዉ ያፈነውን ሁሉ ያን ጊዜ ለቀቀው። ሬዲዮዎቹን ማጥፋት ያስታወሰ አልነበረም። ስም እየጠሩ ቀጠሉ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሄድን፤ መርዶ ነጋሪ ሳንሆን ለቀስተኛ ሆነን። አያ ጥጋቡ የሰዉን ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናህ» በሥርዓት ተቀበሉ። እኔ ስቀርብ ግን እንደማያውቁት ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ናሆም ነገሩን በሆዱ ሊይዘው ነበር። በመብራቱ መጥፋት ሁሉ ነገር ስለታወቀ ሰዉ «አጥፍቻለሁ ብሎ ዋሸን» አለው። ድንጋይ ሊወረውሩበት የተነሡም ነበሩ። ወጥቼ «ዋሽልን ያልነው እኛ ነን» አልኩ። ግማሹ አመነኝ፤ ግማሹ ደግሞ «ሬዲዮው መጥፎ ነው ያለንም እሱ ነው፣ ይህንንም የሚለው እሱ ነው፣ ከሁለቱ በየትኛው ነው የሚዋሸው?» አለ። ነጋዴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተነሣበት መልሱ ምንም ቢሆን ደንበኛው ሄዷል። ናሆም የእኛን ሞገድ እንዲዘልል አድርጎ ማስተካከል ይችል ነበር፤ ጊዜ የሰጠው ግን የለም። ሳጥኑን ከምሰሶው አውርዶ፣ ተሰናብቶኝ ሄደ። ሲሄድ «ጋሼ፣ ብንነግራቸው ኖሮስ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። አሁንም አላውቅም።

ልቅሶው ካለፈ በኋላ ሬዲዮውን ላደርስላቸው አያ ጥጋቡ ቤት ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ሆነው እንጨት ይጠርባሉ። መጥረቢያውን አላቆሙም።

«ለእኔ ብለህ ዕቃህን አዋረድክ» አሉኝ። «ሰምቻለሁ። ለጽድቅ ይቁጠርልህ።»

«አያ፣ ወጉ ነው ብለን...»

«ወጉን አውቀዋለሁ። እኔም ለሌላ ሰው ብዙ ጊዜ ይዣለሁ።» መጥረቢያው ቆመ። «ተይዞብኝ ግን አያውቅም ነበር። ልጄ ሞቶ ሳለ ስስቅ እያየህ አብረህ ሳቅህ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲስቅ ባየሁ ቁጥር ከሳቁ በታች ምን አለ እላለሁ። አንተን ሳይ ይብስብኛል። አትምጣ።»

ሬዲዮውን አልተቀበሉኝም።

አንባቢዎች ሆይ፣ መርዶን አትደብቁ ልላችሁ አልችልም። ሰውን ብቻውን ሳለ በክፉ ወሬ መምታት ጭካኔ ነው፤ አባቶቻችን ያንን አውቀው ነው ጎሕን የመረጡት። ግን በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ እኛ መቶ ሆነን ስንመካከር፣ ስንደጋገፍ፣ ተደብቀን ስናለቅስ፣ ብቻውን የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ለባለቤቴ «የእኔ የሆነ ሰው ከሞተ በቆምኩበት ንገሪኝ» ብያታለሁ። «እሺ» አለችኝ፤ አባባሏን ስለማውቀው እንደማትነግረኝ ተረድቻለሁ። ማኅበር እሄዳለሁ። አሜን ሲባል ግን ከሰዉ ትንሽ እዘገያለሁ፤ መጀመሪያ ዙሪያዬን አያለሁ።

ሬዲዮ አሁንም እሸጣለሁ፣ ከበፊቱ ያነሰ። ሬዲዮው ጥርት ብሎ ይሰማል። ኢንተርኔት የለም። ደምሌ ሞቷል። እኔና አያ ጥጋቡ አንነጋገርም።